ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) ላይ ላፕቶፕ ይያዝ ወይስ ቤት ይቅር? ጠይቁኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት ሰው ደውሎ "ክሩዝ ልንሄድ ነው፣ ላፕቶፕ ልያዝ ወይስ ልተወው?" ስላለኝ ለየብቻ ከማወራ አንዴ እዚህ ልጨርሰው ብዬ ነው። ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ እንጀራዬ አይቲ ነው፣ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር 7 ጊዜ ክሩዝ ሄደናል፣ አራቱ ከባልቲሞር ሌላው ከማያሚና ከፖርት ካናቬራል። ላፕቶፕ 5 ጊዜ ይዣለሁ፣ ስራ የሰራሁበት 2 ጊዜ ነው፣ በቀሩት 3 ላፕቶፑን ባህር ላይ አንሸራሽሬው ነው የተመለስኩት። የግሪን ካርድና የቪዛ ጥያቄ ግን ዛሬ አይሁን፣ እሱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ጥያቄ፦ አቦ አታርዝመው፣ ይያዝ ወይስ አይያዝ?

መልስ፦ ወንድሜ መጀመሪያ እኔ ልጠይቅህ፣ ላፕቶፑን ከፍተህ ምን እንደምትሰራና የትኛው ቀን ላይ እንደምትሰራው አሁን ልትነግረኝ ትችላለህ? "ሐሙስ ማታ ይሄን ፋይል ልኬ እተኛለሁ" ካልከኝ ያዘው። "እንግዲህ ምናልባት ካስፈለገ" ካልከኝ ቤት ይቅር፣ ለምናልባት ስልክህ ይበቃል። ኢሜይል፣ ባንክ፣ አንድ ሁለት ገጽ ማስተካከል በስልክ ያልቃል። በስልክ የማያልቀው ትልቅ ኤክሴል፣ ኮድ፣ የመስሪያ ቤት ሲስተም ውስጥ መግባትና ረጅም ጽሁፍ ነው።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፣ ነርሲንግ ተማሪ። ሰመር ላይ ከባልቲሞር ባሃማስ እንሄዳለን፣ በዛው ሳምንት አንድ ወረቀት ማስገባትና አንድ በካሜራ እየታየሁ የምፈተነው ኪዊዝ አለብኝ።

መልስ፦ እህቴ አንቺ ትይዣለሽ፣ ግን ሁለቱን ነገር ለያዪያቸው። ወረቀቱ ቀላል ነው፣ ስላይዱን ፒዲኤፉን ምኑንም ምናምኑንም ከቤት ሳትወጪ አውርጂውና ኔት ሳይኖርሽ ጻፊው፣ ኢንተርኔት የሚያስፈልግሽ ለማስገባት አምስት ደቂቃ ብቻ ይሆናል። ኪዊዙን ግን ኧረ በእመቤቴ መርከብ ላይ አትፈተኚ! ኔቱ ትንሽ ሲቆራረጥ ፈተናው ሊያስወጣሽ ይችላል፣ ደግሞ ካቢን ማለት ከባልሽ ጋር ጎን ለጎን ማለፍ የማትችዪበት ክፍል ነው፣ ልጁ ሻወር ውስጥ ሆኖ "ማሚ ፎጣ!" ሲል በካሜራ የሚጠብቅሽ ፈታኝ ይሰማዋል። ዛሬውኑ ለፕሮፌሰርሽ ኢሜይል ጽፈሽ ከመሄዴ በፊት ልፈተን በይ። ቀድመው ሲጠየቁ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ፣ ባህር መሃል ሆነሽ "ኔት እምቢ አለኝ" ስትያቸው ግን ማንም አይሰማሽም።

ከባልቲሞር ስትነሱ ደግሞ መርከቡ ቼሳፒክ ቤይ የሚባለውን ረጅም ሰላጤ ለመውረድ ሌሊቱን ነው የሚፈጀው (በ2024 የፈረሰው የባልቲሞሩ ኪ ድልድይ የነበረበት ጋ ሲደርስ ሰው ሁሉ ዴክ ላይ ወጥቶ ቪዲዮ ይቀርጻል)፣ በዛ ማታ ከየብስ የሚመጣው የስልክ ኔት መጣ ሄደ ይላል፣ የቀረሽ ነገር ካለ ያኔ ላኪው። በሰዓት በኩል ባሃማስ ከኛ ጋር እኩል ስለሆነ አታስቢ። ኮዙሜል (ሜክሲኮ) የምትሄዱት ናችሁ መጠንቀቅ ያለባችሁ፣ እዛ ሰዓት በሰመር አይቀየርም፣ ከማያሚ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ይሆናል፣ ስልካችሁ ሌላ ሰዓት እያሳየ መርከቡ ሌላ ሊል ይችላል። እኩለ ሌሊት ላይ የሚዘጋ ነገር ያለበት ሰው በትምህርት ቤቱ ሰዓት ያስላ።

ጥያቄ፦ የቢሮ ላፕቶፕ ይዤ ሄጄ ከቤት እንደምሰራ አድርጌ ብሰራ ማን ያውቅብኛል? የእረፍት ቀኔ አልቋል።

መልስ፦ ያውቁብሃል። እኔ ደርሶብኝ ነው የምነግርህ። አንዴ ለሁለት ሰዓት ብቻ ብዬ ሎግኢን ሳደርግ ሲስተሙ ከሌላ አገር የገባሁ መስሎት አካውንቴን ቆለፈው። የመርከብ ኢንተርኔት በሳተላይት ስለሚመጣ ያለህበትን ቦታ ሌላ አገር አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ሄልፕ ዴስኩ "በስልክህ ደውለን እናረጋግጣለን" አለ፣ ስልኬ ደግሞ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ነው፣ በዚህ መሃል ሚስቴ ከልጆቹ ጋር ቡፌ ላይ እየጠበቀችኝ ነው። አለቃዬ አስቀድሞ ያውቅ ስለነበር በሳቅ አለፈ፣ ባያውቅ ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር። ስለዚህ ቀድመህ ጠይቅ፣ የፈቃዱንም መልስ በጽሁፍ ያዝ። ሆስፒታልና ኢንሹራንስ የምትሰሩ ደግሞ የበሽተኛ መረጃ ያለበት ማሽን ከአገር ይዞ መውጣት ራሱ የተከለከለባችሁ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሰው የሚረሳው ኮዱን ነው። ባንኩም ቢሮውም "በቴክስት ኮድ ልከንልሃል" ይላል፣ ባህር ላይ ያ ቴክስት ላይመጣ ይችላል። ከመሄዳችሁ በፊት አውተንቲኬተር አፕ ስልካችሁ ላይ ጫኑና አካውንቶቻችሁን አገናኙ፣ እሱ ኔት ባይኖርም በየ30 ሰከንዱ ራሱ ኮድ ያወጣል። ላፕቶፕ ያዙም አትያዙም ይሄን አድርጉ።

ጥያቄ፦ ዋይፋዩ እንዴት ነው? ስንትስ ነው? ድሮ ዋትሳፕ እንኳን አይከፍትም ነበር።

መልስ፦ ድሮ ልክ ነህ። ሳተላይቶቹ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነበሩ፣ ምልክቱ ወጥቶ እስኪመለስ ሰው "ሄሎ" ብሎ መልስ ይጠብቃል። አሁን ትልልቆቹ ኩባንያዎች ስታርሊንክ የሚባለውን የሳተላይት ኢንተርኔት አስገብተዋል፣ ሮያል ካሪቢያን በ2022 ጀመረ፣ ካርኒቫል በ2024 መርከቦቹን ሁሉ ጨረሰ። የስታርሊንክ ሳተላይቶች 550 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆኑ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ያም ሆኖ በሺህ የሚቆጠር ሰው ነው የሚጋራው፣ ባህር ላይ በምንውልበት ቀን ከምሳ በኋላ ይንቀራፈፋል፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ግን ቤትህ ያለህ ይመስልሃል።

ዋጋው እንደ መርከቡና እንደ ፓኬጁ ነው፣ በግምት በቀን ከ15 እስከ 30 ዶላር ለአንድ ዲቫይስ በል። ከመሳፈርህ በፊት ኦንላይን ብትገዛው ይረክሳል። ሁለት ዲቫይስ አትግዛ፣ አንዱን ገዝተህ ስልኩን ሎግአውት አድርገህ ላፕቶፑን ታስገባለህ፣ ሲያልቅ ትመልሰዋለህ። ርካሹን ፓኬጅ ከመግዛትህ በፊት ቪዲዮ ኮልና ቪፒኤን (ወደ ቢሮ ሲስተም በተጠበቀ መስመር የሚያስገባው) ይፈቅዳል ወይ ብለህ አንብብ፣ አንዳንዱ ሶሻል ሚዲያ ብቻ ነው የሚከፍትልህ። ሮሚንግህን ደግሞ መርከቡ ሳይነሳ ዝጋ፣ ኤርፕሌን ሞድ አድርገህ ዋይፋይ ብቻ አብራ፣ አለበለዚያ ስልክህ የመርከቡን ኔትወርክ ይዞ የስልክ ሂሳቡ እቤት ይጠብቅሃል።

ጥያቄ፦ ካቢን ውስጥ ሶኬት አንድ ብቻ ነው ይላሉ፣ ዲቫይደር ልያዝ?

መልስ፦ ይወስዱብሻል። በተለይ ሰርጅ ፕሮቴክተር (ኤሌክትሪክ በድንገት ሲጨምር ዕቃ የሚከላከለው) ያለው። ምቀኝነት እንዳይመስልሽ ምክንያት አለው፦ ቤት ውስጥ ከሁለቱ ሽቦ አንዱ ከመሬት ጋር የተያያዘ ነው፣ መርከብ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱም ኤሌክትሪክ የያዙ ናቸው፣ ለቤት የተሰራው ሰርጅ ፕሮቴክተር እዛ ላይ ችግር ሲፈጠር ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። የአሜሪካ ኮስት ጋርድ በ2013 ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል። አንዳንድ ኩባንያ አሁን ተራ ኤክስቴንሽንም አያስገባም። የኔ መፍትሄ ባለ 65 ዋት ቻርጀር ነው፣ ሁለት ሦስት የዩኤስቢ ቀዳዳ ያለው፣ በአንዱ ላፕቶፕ በሌላው የልጆቹ ስልክ ይሞላል። ላፕቶፕሽ በዩኤስቢ ሲ የሚሞላ መሆኑን ግን እይ።

አንዴ ምን ሆነ፣ አብረውን የነበሩ አንዲት እናታችን ጀበና፣ ሲኒ፣ የተቆላ ቡናና ትንሽዬ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይዘው መጡ። ጀበናው አለፈ፣ ምድጃው ኤክስሬይ ላይ ተያዘ፣ የሚግል ነገር ሁሉ ክልክል ነው። እሳቸው ቆመው "ልጄ ቡና እኮ ነው!" ይሉታል ጠባቂውን በአማርኛ፣ እሱ ወረቀት ይሰጣቸዋል። በመጨረሻው ቀን መለሱላቸው። ሳምንቱን ሙሉ ጀበናው ጠረጴዛ ላይ ለጌጥ ተቀመጠ።

ጥያቄ፦ ላፕቶፑ ለልጆች ፊልም ነው፣ ኔትፍሊክስ አውርጄበት ልሂድ።

መልስ፦ ዊንዶውስ ከሆነ አይሆንልህም። ኔትፍሊክስ በ2024 የዊንዶውሱን አፕ ሲቀይር ማውረድ የሚለውን አውጥቶታል፣ ማክ ላይ ደግሞ ድሮም አልነበረም። አይፓድ ወይ አንድሮይድ ታብሌት ላይ ግን ይወርዳል። በኤችዲኤምአይ ከካቢኑ ቲቪ ጋር አገናኛለሁ የምትሉም ኬብሉን አትሸከሙ፣ ብዙ ጊዜ ሪሞቱ ላይ ኢንፑት የሚቀይረው ቁልፍ የለም።

ጥያቄ፦ ፍራንክፈርት ነኝ፣ ከባርሴሎና ነው የምንሳፈረው። የኛ ቻርጀር ይሰራል?

መልስ፦ ይሰራል፣ ብዙዎቹ መርከቦች ካቢን ውስጥ የአሜሪካም የአውሮፓም ሶኬት አላቸው። ቻርጀርህን ገልብጠህ ጀርባው ላይ ያለችውን ጥቃቅን ጽሁፍ እያት፣ ከ100 እስከ 240 ቮልት ካለ የትኛውም ላይ ይሄዳል፣ የላፕቶፕ ቻርጀር እንደዛ ነው የሚለው። የአውሮፓ ሲም ያላችሁ ሌላ ወጥመድ አለባችሁ፣ ጣሊያን ወይ ፈረንሳይ ወደብ ላይ ስትወርዱ እንደ አገራችሁ ነው የምትጠቀሙት፣ መርከቡ ላይ ያለው የሳተላይት የስልክ ኔትወርክ ግን በዛ ህግ ውስጥ የለም።

ጥያቄ፦ ሌባስ? ካቢን ውስጥ ትቼው ብወርድ?

መልስ፦ እኔ ተሰርቄ አላውቅም፣ ካቢኑ ውስጥ ካዝና አለ፣ 13 ኢንች ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ይገባል፣ 15 ኢንች ግን ላይገባ ይችላል። እኔን የጎዳኝ ሌባ ሳይሆን የራሴ ስንፍና ነው። የመጀመሪያ ጉዟችን ላይ ላፕቶፑን በሹራብ ጠቅልዬ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩትና ወደቡ ላይ ለተሸካሚዎቹ ሰጠሁ። ሻንጣው ካቢናችን በር ላይ የደረሰው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፣ ስከፍተው ስክሪኑ ከጥግ እስከ ጥግ እንደ ሸረሪት ድር ተሰንጥቋል። ማንን እከሳለሁ? ላፕቶፕ፣ መድኃኒት፣ ፓስፖርት፣ ለልጆች የዋና ልብስ፣ እነዚህ ጀርባ ላይ ነው የሚታዘሉት፣ ሻንጣ እስኪመጣ ግማሽ ቀን ነው። ፓወር ባንክና ትርፍ ባትሪም እንደዛው፣ በአውሮፕላን ማያሚ ድረስ የምትሄዱ ከሆነ በሚጫነው ሻንጣ መክተት ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ ፑል ዳር ቁጭ ብዬ ብሰራ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ፎቶው ላይ ያምራል። በፀሐዩ ስክሪኑ አይታይህም፣ እጅህ በሰንስክሪን ተለውሷል፣ ጨው ያለው ንፋስ አለ፣ አንድ ወፍራም ልጅ ዘሎ ይገባል። ስራ ካለህ ጠዋት ቡና ቤቱ ወይ ላይብረሪው ጋ ሂድ።

ጥያቄ፦ ስንመለስ ኢሚግሬሽን ላፕቶፕ ይከፍታሉ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ስልጣኑ አላቸው፣ በአየርም በባህርም ስትገባ ስልክና ላፕቶፕ መፈተሽ ይችላሉ። በተግባር የሚደርስበት ሰው ጥቂት ነው፣ እኛን ፊታችንን በካሜራ አይተው ነው የሚያሳልፉን። ግን የማታስፈልግህን ማሽን ይዘህ አለመዞርህ በዚህም በኩል አይጎዳህም።

ጥያቄ፦ እናቴ እሁድ ቅዳሴ በላይቭ ካላየች አይሆንላትም፣ በስልክ ደግሞ ዓይኗ አያይም። ለዛ ብዬ ላፕቶፕ ልያዝ?

መልስ፦ ታብሌት ካለህ ታብሌት ያዝላት፣ ይቀላል፣ ከሌለህ ላፕቶፑን ያዝ፣ ይሄማ "ምናልባት" አይደለም፣ ቀኑም ሰዓቱም ይታወቃል። ቪዲዮ የሚፈቅደውን ፓኬጅ ግዛ፣ አንዳንድ መርከብ የአንድ ቀን ብቻ ስለሚሸጥ የእሁዱን ብቻ መግዛት ትችል እንደሆነ እይ። ለመጠባበቂያ ያለፈውን ሳምንት ቅዳሴ አውርድላት፣ ኔቱ ቢያስቸግር እንኳን ባዶ እጇን አትቀርም።

ጥያቄ፦ አንተስ በሚቀጥለው ትይዛለህ?

መልስ፦ ነሐሴ ላይ ከባልቲሞር እንሄዳለን። ትልቋ ልጄ የሰመር ክላስ አላት፣ በዛ ሳምንት ረቡዕ አንድ ድርሰት ታስገባለች፣ ስለዚህ የሷ ክሮምቡክ ይሄዳል፣ የኔ ቤት ይቀራል። ለቢሮ ነግሬያለሁ፣ በኔ ቦታ ተረኛ የሚሆነውም የስራ ባልደረባ ታውቋል። ቻርጀሩን ተጋርተን ነው የምንሄደው፣ ማን ቀድሞ ይሰካል በሚለው ገና አልተስማማንም።