የማርሌይ ሰንሰለት በምን ተሠራ?

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት በሒሳብ ሥራ ነው። ገንዘብ ሲያዝና ሰውን ሲይዝም አይቻለሁ። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንድ ገብጋባ ልጻፍላችሁ።

እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ እ.ኤ.አ. በ1843 ለንደን ላይ ያሳተመውን የገና ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ገብጋባው ነጋዴ ስክሩጅ በገና ዋዜማ ማታ ቤቱ ብቻውን ተቀምጧል። ከ7 ዓመት በፊት የሞተው የንግድ ሸሪኩ ማርሌይ በሰንሰለት ተተብትቦ ይመጣበታል።

ሰው ሁሉ የሚያነሳው ከዚያ በኋላ መጥተው ስክሩጅን የሚለውጡትን 3 መናፍስት ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ ማርሌይን አልፌ መሄድ ያቅተኛል። ሰንሰለቱን ልብ በሉት። የገንዘብ ሣጥን፣ ቁልፍ፣ ጓጉንቸር፣ የሒሳብ መዝገብ፣ የውል ወረቀት፣ የብረት ቦርሳ ነው። ሁሉም የሥራ ዕቃ ነው፤ ግማሹ እኔም ጠረጴዛ ላይ ነበር። ማርሌይ ሰረቀ ወይም ገደለ የሚል ክስ ታሪኩ ውስጥ የለም። ሥራውን ይሠራ ነበር፣ በቃ። ከቢሮው ውጪ ያለውን ሰው ግን ቀና ብሎ አላየውም። ስክሩጅ «ጎበዝ የሥራ ሰው እኮ ነበርክ» ብሎ ሊያጽናናው ሲሞክር መንፈሱ ይጮህበታል። ዋናው ሥራው ሰው እንደነበር የገባው ከሞተ በኋላ ነዋ!

ስክሩጅ መጀመሪያ ዓይኑን አላመነም። የበላሁት ምግብ ሳይስማማኝ ቀርቶ ነው አለ። ለእናንተ የሙት መንፈስ አይመጣም። «ድሮ እንዲህ አልነበርክም» የሚል ጓደኛ ግን ይመጣል። መደወል ያቆመች እህት ትኖራለች። ያኔ «ደክሞኝ ነው»፣ «ቆይ፣ ትንሽ ልቋቋም» ትላላችሁ። እባካችሁ አትበሉ። መቋቋም መጨረሻ የለውም።

ዲከንስ ስለ ድህነት የጻፈው በወሬ ሰምቶ አይደለም። አባቱ በ1824 በዕዳ ሲታሰር እሱ ገና በ12 ዓመቱ ጫማ ቀለም ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። ለዚህ ይመስለኛል የስክሩጅን ንስሐ በእንባ ብቻ ያልተወው።

እንደ ሒሳብ ሠራተኛ በጣም የምወደው ቦታ እዚህ ጋ ነው። ስክሩጅ ለድሆች መዋጮ የሚሰበስቡ ሰዎችን፣ እስር ቤት አለላቸው ብሎ መልሷቸው ነበር። በማግስቱ አንደኛውን መንገድ ላይ ሲያገኘው የሚሰጠውን ገንዘብ በጆሮው ነገረው። ብዙ ውዝፍ እንዳለበትም ጨመረለት። ውዝፍ! ዕዳውን ራሱ አስልቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው ከፈለ።

ስክሩጅ ቢሮው ውስጥ ተቀጥሮ ለሚሠራው ጸሐፊ ቤተሰብ ትልቅ የቱርክ ዶሮ ልኳል፤ ሰው ሁሉ እሱን ያስታውሳል። ለእኔ ግን የሚበልጠው ከሰል ነው። ያ ጸሐፊ በብርድ የሚሠራው አንዲት ፍም በምታክል እሳት ነበር። ስክሩጅ ደመወዙን ጨመረለት፤ ብዕር ከመያዝህ በፊት ሄደህ ከሰል ግዛ አለው። ቱርኩ ለአንድ ቀን ነው። ከሰሉና ደመወዙ ግን በየቀኑ የሚታዩ ናቸው።

ከእናንተ ሥር የሚሠራ ሰው ካለ፣ ነገ ጠዋት መጀመሪያ የሚቀመጥበትን ክፍል ሄዳችሁ እዩት።