እናቴ የጡት ካንሰር መድኃኒቱን ታሞክሲፈንን ከመጀመራቸው በፊት የዘረመል ምርመራ ግዴታ ነው ወይ ላልሽው

እህቴ፣ እግዚአብሔር እናትሽን ይማርልሽ። ምርመራው እስኪደረግ ብላችሁ ክኒኑን አታዘግዩባቸው።

ታሞክሲፈን ጉበት ውስጥ ገብቶ ኢንዶክሲፈን ወደሚባል፣ ከራሱ እጅግ ወደሚበረታ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ለውጡን በዋናነት የሚሠራው ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ነው። በዘረመሉ ምክንያት ኢንዛይሙ የደከመበት ሰው ኢንዶክሲፈን ያንሰዋል። ምርመራው የሚያየው ይህንን ነው። ግን ጥናቶቹ እርስ በርስ ስለሚጋጩ ለሁሉም ታካሚ ይደረግ የሚል ስምምነት የለም። በነገራችን ላይ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ኢንዛይም ዘረመል ተባዝቶ እንዳላቸው አሳይቷል። የእነሱ ኢንዛይም ደካማ ሳይሆን በጣም ፈጣን ነው። እንዲህ ያለ ሰው መጠንቀቅ ያለበት ይልቅ ኮዴይን ካለበት ማስታገሻ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከእጢው የተወሰደው ናሙና ውጤት ላይ ኢስትሮጅን ተቀባይ (የካንሰሩ ሴሎች ኢስትሮጅን የሚባለውን ሆርሞን የሚቀበሉበት) "ፖዘቲቭ" ይላል? ካላለ ታሞክሲፈን አይጠቅማቸውም። ደግሞ ለድብርት ወይም ድንገት ለሚመጣ የሰውነት መጋል (ትኩሳት ሳይሆን) ተብሎ የሚታዘዙት ፓሮክሴቲንና ፍሉኦክሴቲን ያንኑ ኢንዛይም ያፍኑታል። ዘረመላቸው ጤነኛ ቢሆንም እንኳ! ስለዚህ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው በፌስታል ይዘሽ ለሐኪማቸው አሳዪ። ከሁለቱ አንዱ ከተገኘ ግን በራሳችሁ አታቋርጡት፤ እንደ ቬንላፋክሲን ያለ ምትክ ስላለ ሐኪሙ ይቀይርላቸው።