የእማዬ ሸበጥ

ሰላም እህቴ፣ አንቺ ስልሽ አትቀየሚኝ የድሬ ልጅ ነኝ እኛ ጋ አንቱ የለም። ሲያቅተኝ ነው የጻፍኩልሽ። ከእማዬ ጋር የምኖረው እኔ ነኝ፣ 67 አመቷ ነው፣ ወንድሜ አዲስ አበባ ነው ያለው። በየወሩ ብር ይልካል አልክድም፣ ግን ደውሎ ሁለት ደቂቃ ያወራታል እሷም «ደህና ነኝ የኔ ጌታ» ትለዋለች ከዛ ለኔ ይደውልና «ምንም አልሆነችም አንቺ ነሽ የምታካብጂው» ይለኛል። ሽሮ ጥዳ ረስታው ቤቱ በጭስ ሲታፈን የምሮጠው እኔ፣ ከቀፊራ ገበያ መመለሻው ጠፍቷት በባጃጅ ስፈልጋት የምውለው እኔ! ጤና ጣቢያ ወሰድኳት «እድሜ ነው» አሉኝ፣ እሱም ይቺን ይዞ «አየሽ» አለኝ አቦ።

እማዬ እኮ እስከ ቅርብ ጊዜ የእድሩን ሂሳብ በቃሏ የምትይዝ ሴት ነበረች። ፋሲካ ሰሞን ሻወር ቤት አዳልጧት ጭንቅላቷ ከግድግዳው ተጋጭቶ ነበር፣ ግን ራሷን አልሳተችም እብጠቱም በሳምንቱ ጠፋ። አሁን ሁለት ወር ሆነው፣ ቀኑን ሙሉ ትተኛለች፣ ስትሄድ የግራ እግሯ ሸበጥ እየወለቀ መንገድ ላይ ጥላው ትመጣለች፣ በዚህ ወር ሁለት ገዛሁላት፣ ወንድሜ ለሱም ይነጫነጫል።

ማታ ዝናብ ከሰማች ደግሞ ተነስታ «ውሃው መጣ» ትላለች። በ1998 የደቻቱ ወንዝ በለሊት ሲሞላ ትንሹን ወንድማችንን ወሰደብን፣ ከዛን ቀን ጀምሮ ስሙን ጠርታ አታውቅም። እኔም ዝናብ ሲዘንብ እንቅልፍ የለኝም። ያን ለሊት እጁን ይዤው የነበርኩት እኔ ነኝ፣ 18 አመቴ ነበር። ከባድ ድንጋጤ ያለፈበት ሰው ሲያረጅ የመርሳት በሽታ ይይዘዋል የሚል አነበብኩ። እኔም እንደሷ ልሆን ነው?

የድሬዋ

የኔ እህት፣ ወንድምሽን ለጊዜው ተይው፣ እኔ የሸበጡ ነገር ነው ያስደነገጠኝ። ጤና ጣቢያ ስትሄጂ መውደቋን ነግረሻቸዋል? ደብዳቤሽ ላይ የለም፣ አልነገርሽም ብዬ ነው የምቆጣሽ። የመርሳት በሽታ ቀስ እያለ በአመታት ነው የሚመጣው፣ የእድር ሂሳብ በቃሏ የያዘችን ሴት በሁለት ወር እዚህ አያደርሳትም። በእድሜ የገፋ ሰው ጭንቅላቱን ሲመታ በራስ ቅሉና በአንጎሉ መሀል ያለች ቀጭን ደም ስር ልትበጠስ ትችላለች፣ ደሙ ጠብ ጠብ እያለ ለሳምንታት ይጠራቀምና አንጎሉን ይጫነዋል፣ ያኔ ነው መርሳቱ፣ እንቅልፉ፣ የአንድ ጎን መዛሉ የሚመጣው። ራሷን አለመሳቷም እብጠቱ መጥፋቱም ዋስትና አይሆንም። ነው ብዬ አልፈርድም፣ የሚፈርደው ሲቲ ስካን ነው፣ ከሆነ ግን ሐኪሞቹ ራስ ቅሉን በትንሹ በስተው ደሙን ያወጡታል፣ ብዙ ሰውም ወደ ራሱ ይመለሳል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ሆስፒታል፣ ድሬ ማሽኑን ካጣሽ ሐረር። ገና ስትገቢ «ወድቃ ነበር፣ ግራ እግሯ ይጎተታል» በያቸው፣ አስፕሪን ወይ ሌላ ደም ማቅጠኛ የምትወስድ ከሆነ ኪኒኑን ይዘሽ ሂጂ። ካስመለሳት፣ ራሷን አጥብቆ ካመማት ወይ ቀስቅሰሻት አልነቃ ካለች ግን ነገን አትጠብቂ፣ በዚያው ለሊት ውሰጃት።

ደሙ ባይገኝ እንኳን መውደቋ ቀላል ነገር አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ በ2024 ላንሴት የሚባለው የህክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን የመርሳት በሽታን ስጋት ይጨምራሉ ብሎ ከዘረዘራቸው 14 ነገሮች አንዱ የጭንቅላት ጉዳት ነው።

አሁን ወዳንቺ። ያነበብሽው ውሸት አይደለም፣ ግን ግማሹን ነው ያነበብሽው። እንደ ፈረንጆቹ በ2010 የወጣ አንድ ጥናት 55 አመት ያለፋቸውን ከ180 ሺህ በላይ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ለሰባት አመት ተከታትሎ፣ የጦርነት ድንጋጤ ካልለቀቃቸው ውስጥ 10.6 በመቶ፣ ከሌሎቹ 6.6 በመቶ የመርሳት በሽታ ያዛቸው ይላል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ ግን ድንጋጤው ካለባቸው ከ100ው 89ኙን አልያዛቸውም እኮ! ድንጋጤው ራሱ ይሁን አብሮት የሚመጣው እንቅልፍ ማጣትና ድብርት ገና ያልተለየ ነገር ነው፣ ሁለቱም ግን ይታከማሉ። የአእምሮ ጤና ክፍል ገብተሽ ዝናብ ሲዘንብ የሚሆንብሽን ንገሪያቸው፣ ለዚህ የሚሆን የንግግር ህክምና አለ።

ስለ እጁ ደግሞ፣ የኔ እናት፣ ያን ለሊት ደቻቱ ከ250 በላይ ሰው ነው የገደለው፣ ከነሱ ውስጥ ስንቱ እጁ ተይዞ ነበር። ውሃ ነው የወሰደው፣ አንቺ አልለቀቅሽውም። ይሄን ለእናትሽም አንድ ቀን፣ ስሙን ጠርተሽ ንገሪያት፣ እሷም ሃያ አመት ሙሉ ብቻዋን ነው የያዘችው።

ወንድምሽን ብር አትጠይቂው። ነገ እናታችንን በሌላ ጎን የሚደግፍ ሰው እፈልጋለሁ በይው፣ ከቦሌ ድሬ አንድ ሰአት ነው፣ ይምጣ።