ሒሳብ አጣሪው የጠየቁት ክፍያ በዛብኝ

ጥያቄ፦ ገላን ለነበረ የብሎኬት ፋብሪካ ሲሚንቶ በዱቤ አቅርቤ ነበር። ድርጅቱ ፈርሶ ንብረቱ 4 ሚሊዮን ብር ተሸጠ። ሒሳብ አጣሪው ለ640 ሰዓት፣ በሰዓት 1,200 ብር ጠየቁ። ልቃወም?

መልስ፦ ድምሩ 768,000 ብር፣ የሽያጩ 19 በመቶ ያህል ነው። የአጣሪ ክፍያ የሚነሳው ዋስትና ከሌላቸው ባለገንዘቦች (እንደ እርስዎ ያለ መያዣ በዱቤ ከሰጡ ሰዎች) በፊት ስለሆነ ያለአግባብ የተቆጠረ ሰዓት ሁሉ ከእርስዎ ድርሻ ይቀነሳል። ተቃውሞዎን ገንዘቡ ከመከፋፈሉ በፊት በጽሑፍ ያስገቡ።

መቶኛውን ብቻ ይዘው አይከራከሩ፤ መዝገቡ የተበታተነ፣ ክስ የበዛበት ድርጅት በእውነትም ጊዜ ይፈጃል። ዝርዝሩን ይጠይቁ፦ በየትኛው ቀን፣ ማን፣ ምን ሠራ፣ ምንስ አስገኘ? «ልዩ ልዩ ሥራ፣ 60 ሰዓት» የሚል መስመር ካለ እሱን አጥብቀው ይያዙ። ፋይል ማደራጀት በጸሐፊ እንጂ በዋናው ባለሙያ ዋጋ ሊታሰብ አይገባም። 30,000 ብር ዕዳ ለማስመለስ 50 ሰዓት፣ ማለትም 60,000 ብር ከወጣ፣ ሰዓቱ እውነት ቢሆንም ሥራው ዋጋ አልነበረውም።

በእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ክፍያው ተገቢ መሆኑን የማስረዳት ሸክም የአጣሪው ነው፤ ጥርጣሬ ከቀረም የሚተረጎመው በእሳቸው ላይ ነው። ይህ መለኪያ ትክክለኛ ነው ብለን እናምናለን፤ የሥራውን መዝገብ የያዙት እሳቸው ናቸውና።