መልስ፦ ስፔሰር ባስገባ ጎማው ይወልቃል ወይ?

ወንድሜ፣ ሂሉክሴ ላይ 30 ሚሊሜትር ስፔሰር (ጎማውን ወደ ውጭ ገፋ የሚያደርግ፣ ከቸርኬው ጀርባ የሚገባ ማራራቂያ) ባስገባ ጎማው ይወልቅብኛል ወይ ብለሃል። ስፔሰሩ ብቻውን ጎማ አያስወልቅም፤ የሚያስወልቀው ርካሽ ስፔሰርና በደንብ ያልጠበቀ ዳዶ ነው። እንደ ቀለበት ዝም ብሎ ከቸርኬው ጀርባ የሚገባውን አትንካው፣ ዳዶው የሚይዘውን ጥርስ ይቀንስብሃል። የራሱ ቡሎን ያለውን ግዛ፣ መሃሉም የሞዞውን (ቸርኬው የሚታሰርበትን የመሃል ክፍል) 106 ሚሊሜትር በልኩ የሚይዝ ይሁን፣ አለበለዚያ ጎማው መሃሉን ስቶ መሪው ይንቀጠቀጣል። ጎሚስታው ቁልፉ ላይ ቆሞ ሲያጠብቅ ዝም ብለህ አትይ (እኔም አይቼ ዝም ብዬ አውቃለሁ)። ልኩን በሚያሳይ ቁልፍ ይጠበቅ፣ 100 ኪሎሜትር ከነዳህ በኋላም ቸርኬውን አስፈትተህ ስፔሰሩን የያዘውን የውስጡን ዳዶ አስፈትሽ። ኩሽኔታው ቶሎ መበላቱ ግን አይቀርልህም፣ በተለይ ጭነት የምታበዛ ከሆነ። ለመልክ ብቻ ከሆነማ እኔ አላስገባም።