ከረባሾች ዝርዝር በፊት

ዘንድሮ የመጀመሪያ ክፍላችሁን ለምትረከቡ ወጣት መምህራን፣

ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ 31 ዓመት ሆነኝ። ይህን የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት ወረቀት ነው። ተማሪ ሆናችሁም ታውቋታላችሁ፤ የክፍል አለቃው የሚይዛት የረባሾች ዝርዝር። ስም ይጻፋል፣ ከጎኑ ኤክስ ይደረደራል። ኤክስ የበዛበት ይንበረከካል።

በሦስተኛ ዓመቴ አምስተኛ ክፍል ደረሰኝ። 64 ልጆች። አንዱ በየቀኑ አራትና አምስት ኤክስ አለው። አንበረከክኩት። ወላጅ አምጣ አልኩት። እናቱ መጥታ እያለቀሰች ይቅርታ ጠየቀችኝ። ልጁ ግን ያው ነው፣ አፉ አያርፍም።

አንድ ቀን የክፍል ሥራ ሰጥቼ ስዞር ከኋላው ደረስኩ። አላየኝም። ጎረቤቱን ጎሸም አድርጎ «ይሄ 6 ነው 8?» አለው። «8 ነው፣ ዝም በል!» አለው ያኛው። ቆሜ ቀረሁ። ለካ ሰሌዳው አይታየውም! ቀኑን ሙሉ የሚያወራው ቁጥር እየጠየቀ ነው። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ሳስቶ ነበር፤ ያሳሳሁት እኔ ነኝ። ወደ ፊተኛው ዴስክ አመጣሁት። በሳምንቱ ስሙ ከወረቀቷ ጠፋ።

ሁሉም ረባሽ ዓይኑ የደከመ ነው ማለቴ አይደለም። ጓደኞቹን ለማሳቅ ብቻ የሚረብሽም ሞልቷል። እሱን ደብተር አሰብስቡት፣ ሰሌዳ አስጠፉት። ከተቆጣችሁትም ከደወል በኋላ ለብቻው ይሁን። ጓደኞቹ ፊት የተሰደበ ልጅ ላለመዋረድ ሲል ይመልስላችኋል፤ እናንተም ትመልሳላችሁ፤ ክፍለ ጊዜው በዚያው ያልቃል።

ጫጫታ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ልጆቹ ሥራ ሲፈቱ ነው። ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ረጅም ኖት ስትጽፉ፣ የ64 ልጅ ስም ስትጠሩ። ከ40 ደቂቃ ስንቱ በስም ጥሪ እንደሚሄድ አስቡት። እኔ ስገባ አንድ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። እነሱ ሲሠሩ ባዶ ቦታውን አይቼ ቀሪ እይዛለሁ። ኖቱንም ሁለት ሁለት መስመር እየጻፍኩ ዞር እላለሁ።

ዱላና ማንበርከክን በተመለከተ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካላቸው ላይ ከሚፈጸም ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አላቸው። ያ ሕግ ከ1987 ጀምሮ አለ። እኔ ያንን ልጅ ሳንበረክክም ነበረ። የሚመታ መምህር ክፍል ፀጥ ይላል፣ እውነት ነው። ግን ያልገባው ልጅ እጁን አያወጣም፤ ያልገባውን የምታውቁት ፈተና ስታርሙ ነው።

ሰኞ ክፍል ስትገቡ ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት ሰሌዳው ላይ ጥቂት ቁጥሮች ጻፉ። ከዚያ መጨረሻ ዴስክ ሄዳችሁ፣ በልጆቹ ቁመት ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡና አንብቡት።