ስለ አምፕሊፋየሩ ገመድ
ከባሕር ዳር ገበያ የገዙት ወፍራም ገመድ የአምፕሊፋየርዎን (የድምፅ ማጉያ መሣሪያዎን) ነባር የኤሌክትሪክ ገመድ ቢተካ ሥጋት ይኖረው እንደሆነ ጠይቀዋል። ውፍረቱ አያታልልዎ፤ ብዙውን ጊዜ የሚወፍረው ልባሱ እንጂ መዳቡ አይደለም፤ አንዳንዱም መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም በመሆኑ በእኩል ውፍረት የበለጠ ይሞቃል። በ220 ቮልት 500 ዋት የሚወስድ መሣሪያ 2.3 አምፔር ገደማ ብቻ ስለሚስብ፣ 1 ካሬ ሚሊሜትር ንጹሕ መዳብ ያለው ተራ ገመድ ይበቃዋል። (ወፍራም ገመድ ድምፁን ያሻሽላል የሚለውን አባባል እኔ አልቀበለውም።)

ይበልጥ የሚያሳስበኝ በገመዱ ውስጥ ያለው አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው የምድር ሽቦ፣ ማለትም ብልሽት ሲኖር ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ ነው። የሚያጉረመርመውን ድምፅ ለማጥፋት ተብሎ ይህ ሽቦ ከተቆረጠ፣ አካሉ ብረት የሆነ አምፕሊፋየር ውስጡ በተበላሸ ጊዜ፣ በተለይ በጣና ዳር ክረምት ወለሉ ሲረጥብ፣ ኤሌክትሪኩ በእርስዎ ሰውነት በኩል ወደ መሬት ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ገመዱን ከሶኬቱም ከመሣሪያውም ነቅለው፣ የምድር ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ይለኩ፤ የሽቦው ተቃውሞ ንባብ ከ1 ኦም በታች ካልሆነ አይሰኩት።